ባሌ ያሉት አጎቴ ጋ ልንሄድ ነው፤ ልጆቼ ቀይ ቀበሮ እንዲያዩ ምን ላድርግ?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አጎቴ ጎባ ነው የሚኖሩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። 31 ዓመት እዚያው ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ስደውልላቸው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። «ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ዓይኔ እያየ አገራቸውን ይወቁ።» እኔም «እሺ፣ ለሚቀጥለው» እያልኩ ስንት ዓመት ነጎደ። ዘንድሮ ግን ቆርጫለሁ። በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት እንሄዳለን።

ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ሳላይ አልመለስም ብሏል። ትንሿ 9 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን አሥር ሳንቲሟን እያገላበጠች «እማ፣ ይሄ አጋዘን የእውነት አለ?» አለችኝ። አጎቴ በስልክ «እሱማ ዲንሾ ጋ ከመንገድ ዳር ይቆማል» አሏት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስንት ቀን ቀረን ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ስንት ቀን ይበቃናል? ከፍታው ለልጆች አይከብድም? አጎቴንም ይዘን መውጣት እንፈልጋለን፤ 71 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊትም አለባቸው። ደግሞስ ቀበሮው በእርግጥ ይታያል ወይስ ዕድል ነው?

የዲንሾ_ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ቆረጥሽ። እዚሁ ዲንሾ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጊዜውንም ጥሩ መርጠሻል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው፤ ቀኑ ጥርት ይላል። ሌሊቱ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ከጎባ በላይ ያለው ከፍተኛው የሳነቴ ሜዳ ላይ ውጪ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባሌ ተራሮችን አንድ ቦታ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሩም ዛፉም እንስሳውም ይለያያል። ከአዲስ አበባ በአሰላም ብትመጪ በሻሸመኔም ብትመጪ ዶዶላ ላይ መንገዱ አንድ ይሆናል። አዳባን አልፈሽ ዲንሾ ልትደርሺ ስትይ የጋይሳይ ሜዳ ይቀበልሻል። የደጋ አጋዘኑ፣ ከርከሮው፣ ቦሆሩ እዚያ ነው። ዲንሾ ራሱ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ጽድና ኮሶ የሞላበት ኮረብታ ላይ፣ አጋዘኑ ሰው ስለማይነካው ከሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ያይሻል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ለልጅሽ ይህን ንገሪያት፤ ሳንቲሟ ላይ ያለው ወንዱ ነው።

ቀበሮውን ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከዲንሾ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ወብ ሸለቆ መሄድና ድንኳን ተክሎ ማደር ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ለአጎትሽ ግን ሁለተኛው ይሻላል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን ሜዳ መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። በመኪና ወጥታችሁ፣ አይታችሁ፣ ጎባ ተመልሳችሁ ታድራላችሁ። መግቢያውን ዲንሾ ስትከፍሉ ደረሰኙን አትጣሉ። አስጎብኚ ያዙ።

ከአራት ሌሊት ባነሰ አትምጡ። ይታያል ወይ ላልሽው፣ ሳነቴ ላይ ሁለት ጠዋት የሰጠ ሰው ሳያይ ሲመለስ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ_ቀን_ብቻ

የእኔን ስህተት አትድገሚ ብዬ ነው የምጽፈው። ከአምስት ዓመት በፊት ሮቤ ለሠርግ ሄጄ ማግስቱን ሳነቴ ወጣሁ። ረፋድ ላይ ደረስን። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ እኔ ፎቶ ለማንሳት እጣደፋለሁ። ከሩቅ አንድ ቀይ ነገር ስትሮጥ አየሁ፤ በቃ። ቀበሮዋን ያየሁት በጀርባዋ ነው። ብዙ ነገር ትቼ እንደመጣሁ ያወቅሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለተኛ ጠዋት ይኑርሽ።

ነርስ_በሥራ_ላይ

የከፍታውን ጥያቄ ልመልስ። አዲስ አበቤ «እኛ ደገኞች ነን» ብለን እንዘናጋለን። ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፤ በመኪና እስከ ላይ ይወጣል። መኪናው ስለሚያወጣሽ ነው አደጋው፤ ሰውነትሽ ሳይለምድ ትደርሻለሽ።

ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ ውጡ፣ ላይ ጥቂት ሰዓት ቆዩ፣ ወርዳችሁ ተኙ። ልጆቹ ውሃ ይጠጡ፤ ሜዳው ላይ እሩጫ አይጀምሩ። ትንሽ ራስ ምታት ያጋጥማል። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው «ትንሽ እንየው» የለም። ወዲያው መውረድ ነው።

አጎትሽ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውጡ። መድኃኒታቸውንም አንድ ቀን አያቋርጡ። ፀሐይዋን አትናቁ፤ ብርድ ነው ብለሽ ባርኔጣ ከተውሽ ማታ ፊትሽ ይላጣል።

ቋንቋ_ወዳድ

ለልጁ አንድ ነገር ላቀብለው። ቀይ ቀበሮ እንለዋለን እንጂ ዘረ መሉ የሚቀርበው ለተኩላ ነው። የኦሮምኛው ስም ደግሞ «ጄዳላ ፈርዳ» ነው፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ከኋላ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ይበላል ይባላል። እረኞች ናቸው ይህን ስም ያወጡለት። ስሙን ብቻ ሰምተሽ ስንት ዘመን አብረውት እንደኖሩ ታውቂያለሽ።

የገርጂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አጎቴ ሐኪማቸው ጋ ቀርበው ተፈቅዶላቸዋል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ አይቆዩ ብቻ ነው ያሏቸው። ትናንት በስልክ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ሳነቴን አቋርጬ ስንት ጊዜ ለፈተና ቁጥጥር ደሎ መና ወርጃለሁ። ግን አንድ ቀን መኪና አስቁሜ ወርጄ አላውቅም።» 31 ዓመት! ስለ ሳነቴ በጥቁር ሰሌዳ ያላስተማሩት ነገር የለም። እና አሁን ከልጆቹ እኩል እሳቸውም ቀን እየቆጠሩ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። አጎቴ ቡቺ የሚባል ውሻ አላቸው። ልጆቹ እሱንም መኪና ላይ ጭነን እንውጣ እያሉ ነው። ይፈቀዳል?

የዲንሾ_ልጅ

እህቴ፣ በፍጹም! ቡቺ ቤት ይቅር። ይህን በደንብ ልጻፈው፤ ሌላም ሰው ያነበዋልና።

ዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚህ ባሌ ነው። አሁን በፍጥነት የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሽታው በደረሰበት አካባቢ ከአራቱ ሦስቱን ጨርሷቸዋል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከብት ይዘን ስንወጣ ሣር ላይ የተዘረጋ ቀበሮ አየን። የተኛ መስሎን ቀረብን። አባቴ ከሩቅ ሆኖ «እንዳትነኩት!» ብሎ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አፉ ላይ አረፋ ደርቆ ነበር።

ቀበሮ በመንጋ ነው የሚኖረው። አደኑን ለየብቻው ያድናል፤ ጠዋትና ማታ ግን ይሰበሰባሉ፣ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ። የምትወልደው ዋናዋ ሴት ናት። ግልገሎቿን ግን ሁሉም ያበላል። እንግዲህ አንዱ ከታመመ መንጋው በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ከውሻ የሚመጣ ሌላ በሽታም አለ፣ ዲስቴምፐር የሚባል። እሱም ደጋግሞ ጎድቷቸዋል።

ለዚህ ነው በየመንደሩ ውሻ የሚከተበው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት እየተሰጠ ነው። ሌሊት በፈረስ ነው የሚወጣው፤ በብርድ። አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ቡቺ ተከትቧል? ጎባ ያለ ውሻ ሳነቴ ባይወጣም፣ ከሚወጣው ጋር ይገናኛል። ለሰውም ለራሱም ነው።

ሌላው፣ ምግብ አትወርውሩለት። መኪና ሲያይ መንገድ ላይ መጠበቅ ከለመደ አንድ ቀን ጎማ ይበላዋል። እዚያ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ግዴታ ነው።

የሪራ_ማር

ሳነቴን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ! ሜዳው አልቆ መንገዱ ቁልቁል ሲወድቅ የሐረና ጫካ ነው። መጀመሪያ አስታ ታገኛላችሁ፣ ጺም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሎበት። ወረድ ስትሉ ቀርከሃ፣ ከዚያ ወረድ ስትሉ ማንም ያልተከለው ቡና። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለች፤ ከባሌ አካባቢ ውጪ ብዙም የለችም። ሪራ ላይ መኪናችሁን አቁሙና ቡና ጠጡ። ማሩንም ቅመሱ። ቀፎው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ።

ጥያቄ_ብቻ

መንገዱ ሰላም ነው? የሚያውቅ ካለ።

የዲንሾ_ልጅ

ይህ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ነገር ነው። ከእኔም ከማንም የድሮ መልስ አትውሰዱ። ዘመድ ካላችሁ በወጣችሁበት ዕለት ጠዋት ደውሉ። የፓርኩን ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ። በጨለማ አትንዱ።

የገርጂዋ

ተመለስን! ቃል ስለገባሁ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

በአሰላ ነው የሄድነው። በቆጂ ላይ ቁርስ በላን። ደራርቱና ጥሩነሽ የወጡባት ከተማ መሆኗን ስነግረው ልጄ ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አየሩ ይሆን እያለ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ጋይሳይ ደረስን። ሹፌራችን ምንም ሳይል መኪናውን አቆመ። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ወንድ አጋዘን ቆሟል። ጠቆር ያለ፣ ጥጃ ሳይሆን በሬ የሚያክል፣ ዓይኖቹ መሃል ነጭ መስመር ያለው። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ይወጣል። ልጄ ከኪሷ አሥር ሳንቲሟን አወጣች። በሁለት ጣቷ ይዛ በአንድ ዓይኗ እያየች ከአጋዘኑ ጎን ገጠመችው። ምንም አላለችም። ከዚያ ሳንቲሟን በሁለት እጇ ጨብጣ ኪሷ ውስጥ መለሰችው።

አጎቴ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። በሚቀጥለው ቀን ነርሷ እንዳለችው የትም አልወጣንም። ጎባን በእግር አሳዩን። ሦስት እርምጃ ስንሄድ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ ባንኩም፣ ጋራዡም፣ ፋርማሲውም የእሳቸው ተማሪ ነው።

የመጀመሪያው የሳነቴ ጉዟችን አልተሳካም፤ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። የአጎቴ ባለቤት እትዬ «ባዶ ሆድ ብርድ ላይ አልሰዳችሁም» ብለው ጨጨብሳ ሲሠሩ 3 ሰዓት ሆነ። ላይ ስንደርስ ጉም ነው። ከመኪናው ፊት አሥር እርምጃ አይታይም። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ብቻ በጉሙ ውስጥ ሰው የቆመ መስለው ይታያሉ። ከዚያ ትልቁ ልጄ ራሱን ያዘ። ትንሽ ብንጠብቅ ይቀለው ይሆናል ብዬ ነበር። ከዚያ «ትንሽ እንየው የለም» የሚለው ትዝ አለኝ። ዞርን። ጎባ ሳንገባ ለቀቀው። ማታ ግን አኩርፎ ተኛ።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። ጨጨብሳው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሻዩ በቴርሞስ ከእኛ ጋር ወጣ። አስጎብኚያችን ከኋላ ወንበር ከልጆቹ ጋር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው። ትንንሽ ሐይቆቹ ዳር ዝይዎች አሉ፤ ከእኛ አገር ደጋ ውጪ አይገኙም አሉን። ሞተር አጥፍተን መስኮት ከፍተን ተቀመጥን። እስኪሞቅ ጠበቅን።

ፀሐይ መሬቱን ስትነካው መሬቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። በየጉድጓዱ አፍ አይጦች ይወጣሉ። አስጎብኚው ወደ አንድ ጉድጓድ ጠቆመን። ትልቁ ፍልፈል ነው፣ ከባሌ ሌላ የትም የሌለው። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ገላውን ግማሽ ብቻ ያወጣል፤ ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ ወደ ውስጥ ያግዛል። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አጠገቡ ትዘላለች። እሱ አፈሩን ሲያምስ እሷ ትለቅማለች። እሷ ደንግጣ ስትበር ደግሞ እሱ ይሰምጣል። ልጆቼ በሹክሹክታ እንኳን ማውራት አቆሙ።

እሱን እያየን አጎቴ የልጄን እጅጌ ያዝ አደረጉ። በጣታቸው ሳይሆን በአገጫቸው አመለከቱ። ቀበሮው በእኛ በኩል ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ቀይነቱ ጠዋት ላይ እንደ ነደደ ፍም ነው። ጉሮሮው ነጭ፣ ጭራው ጥቁር። ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ አንድ እግር አነሳ። አላሳረፈውም። እንደዚያ ቆየ። ከዚያ ደረቱ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለና ተሳበ። ቆመ። ተሳበ። ፍልፈሉ ጀርባውን ሰጥቶት ሣር ይነጫል። ወፏ በረረች። ፍልፈሉ ሰመጠ። ቀበሮው ዘሎ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፤ አፈር በተነ፤ ባዶ። ቀና ብሎ አፈሩን ከፊቱ አራገፈና ከመኪናችን ፊት መንገዱን አቋርጦ ሄደ። ወደ እኛ አንዴ ብቻ ዞር አለ።

ልጄ «አመለጠው» አለ፤ ያዘነው ለቀበሮው ነው። አጎቴ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ዓይናቸው እርጥብ ነው። «ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚሁ ነበር» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ስንቱን ልጅ ሳላሳይ አሳለፍኩ» አሉ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ዕለቱን ሌላ ሦስት አየን፤ አንድ ላይ ሲሄዱ። ቱሉ ዲምቱን ከታች ሆነን አየነው። ኦሮምኛ ስለሆነ ልጆቹ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ አጎቴ «ቀይ ተራራ» አሉና እንደ ክፍል ውስጥ ቆመው ስለ ድንጋዩ አስተማሩን። ከዚያ ሐረና ወረድን። ሪራ ቡና ጠጣን፣ ማር ገዛን። ጦጣዋን አላየናትም።

ነርስ_በሥራ_ላይ

ልጁን ይዘሽ በመመለስሽ ደስ ብሎኛል። እዚያች ቅጽበት ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው።

አንድ_ቀን_ብቻ

አንብቤ ሚስቴን ጠራኋት፤ ጮክ ብዬ ደገምኩላት። ለሚቀጥለው ኅዳር አምስት ቀን እረፍት እጠይቃለሁ። የዲንሾ ልጅ፣ በፈረስ ወደ ወብ ለመሄድ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ይችላል?

የዲንሾ_ልጅ

ይችላል። የእኛ ፈረሶች መንገዱን ከሰው በላይ ያውቁታል። ባለፈረሱም ከጎንህ ይሄዳል። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ግን ያዝ፣ ስለ ሌላው እዚህ እንነጋገራለን።

የገርጂዋ፣ አጎትሽን በስሜ ሰላም በይልኝ። እኔም የእሳቸው ተማሪ ሳልሆን አልቀርም ብዬ እየጠረጠርኩ ነው። 9ኛና 10ኛን ጎባ ነው የተማርኩት። ሲያስተምሩ ካርታውን በሸምበቆ ይነኩ ነበር?

የገርጂዋ

ይነኩ ነበር! ሸምበቆው ዛሬም ሳሎን ጥግ ቆሟል። ማታ ደውዬ ነገርኳቸው። ስምህን ሳልነግራቸው «ከዲንሾ እየመጣ መስኮት ጋ የሚቀመጠው ይሆናል» አሉኝ።

ቡቺ ተከትቧል። ራሳቸው በገመድ ይዘው ወሰዱት። የጎረቤቶቻቸውን ሁለት ውሾችም አብረው ወስደዋል።